ጥርስ ውስጥ የገባች ሠራተኛ፦ አሠሪው ምን ያድርግ?

ይህ የውይይት ክር ሰሞኑን በመድረካችን ላይ ብዙ ሰው አወያይቷል። በየመሃሉ የገቡት አጫጭር መስመሮች ሳይቆጠሩ ምላሾቹ ሃያ አራት ደርሰዋል። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ሁለት መስመር፣ ጥቂቱም ከጉዳዩ የወጣ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ላጣ ሰው በቅደም ተከተል እተርከዋለሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ሐሳባቸውን በራሴ አነጋገር ነው የማስቀምጠው። የማልስማማበት ቦታም ላይ ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ሰው ከሥራው የሚለቀው በዚህ ጉዳይ ነው፣ ሲለቅም ምክንያቱን ለማንም አይናገርም።

ክሩን የከፈተችው አዲስ አበባ ውስጥ ማተሚያ ቤት ያላት ሴት ናት። ድርጅቱን የተረከበችው ከአባቷ ነው። አርባ የሚሆኑ ሠራተኞች አሏት። ችግሩ ያለው ጥረዛ ክፍል ነው። የክፍሉ ፎርማን ከአባቷ ጊዜ ጀምሮ የነበረ፣ እጁ የተመሰከረለት፣ ማሽን ሲበላሽ ድምፁን ሰምቶ ብቻ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ወጣቶች ከእሱ ክፍል ለቀቁ። ሦስቱም መልቀቂያቸው ላይ ምክንያቱ የግል ጉዳይ እንደሆነ ነው የጻፉት። አሁን ደግሞ አራተኛዋ የወረቀት መጋዘን ውስጥ ስታለቅስ ተገኘች።

ፎርማኑ አይሳደብም። እጁንም አያነሳም። የሚያደርገው ሌላ ነው። ልጅቷ መቶ መቶ አድርጋ ያሰረችውን ደብተር ይፈታና ሰው ሁሉ እያየ እንደገና ይቆጥራል። የሌሎቹን እሽግ አይነካም። ጠዋት ሲገባ ለሁሉም ሰላምታ ይሰጣል፤ እሷ ጋ ሲደርስ ፊቱን ያዞራል። የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲኖር እሷ የምትሰማው በማግስቱ ነው። ሥራ ያዛትና ግማሽ ላይ ስትደርስ ማን እንዳዘዛት ይጠይቃታል። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ ከስሶ ለመናገር እንኳ የሚያሳፍር ትንሽ ነገር ነው።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጥያቄ ግልጽ ነበር። ብታባርረው የመስከረም ደብተር በሰዓቱ አይወጣም። ብትተወው ልጆቹ እየለቀቁ ያልቃሉ። ደግሞስ ያልተሳደበና ያልተማታን ሰው በምን ትከሰዋለች?

ቁጥር 1 አጭር ነው። ሰውየው በነገው ዕለት እንዲባረር መከረ። ቁጥር 2 ተቃራኒውን ያዘ። የዛሬ ወጣት ተግሣጽ እንደማይችል፣ ሙያም ድሮ የተገኘው በዚሁ መንገድ እንደሆነ ጻፈ። ይህ አነጋገር በየመሥሪያ ቤቱ አለ። እኔ አልቀበለውም። ተግሣጽ ጥፋትን ያሳያል፤ ጥፋቱ ሲታረም ነገሩ ያልቃል። ፎርማኑ ግን እሽጉን ቆጥሮ ልክ ሆኖ ካገኘው በኋላም በማግስቱ እንደገና ይፈታዋል። ልጅቷ ከዚህ ምን ትማራለች?

ቁጥር 3 አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ክሩን መስመር ያስያዘውም እሱ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ልጅ ሲለቅ ባለቤቷ ምን እንዳደረገች ነው የጠየቀው። ቁጥር 4 ላይ እሷው መለሰች። ልጁ ከመልቀቁ በፊት መጥቶ ነግሯት ነበር። እሷም ሁለቱን ቢሮዋ አስቀምጣ፣ ቡና አስፈልታ አስታረቀቻቸው። ተቃቀፉ። ፎርማኑ ልጁን እንደ ወንድ ልጁ እንደሚያየው ተናገረ። ልጁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቀቀ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ዘንድ አለቃ ሠራተኛውን ሲያሳድድ፣ ከላይ ያለው ኃላፊ መጀመሪያ የሚያስበው ማስታረቅ ነው። ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወንድም ከወንድም ሲጣላ ያድናል። ልጁ ግን ከፎርማኑ ጋር አልተጣላም። ሥራውን ሊሠራ መጥቶ ነው የተጠመደው። ይቅርታ የሚጠይቅበት ነገር የለውም፤ እንዲስቅና እንዲያቅፍ ግን ይጠበቅበታል። ከዚያ ቢሮ ሲወጡ ፎርማኑ ማን እንደተናገረበት አውቋል። ልጁ ደግሞ የመጨረሻው በር እንደተዘጋ አውቋል። ሁለተኛ ቅሬታ ቢያቀርብ የሚባለው ቂመኛ ነው፤ ታርቆ የለም እንዴ?

ቁጥር 5 ላይ የመጣችው ፋብሪካ ውስጥ በሰው ሀብት አስተዳደር ረጅም ዓመት የሠራች ሴት ይህንኑ ከእኔ በተሻለ አስረዳች። እርቅ እኩል የሆኑ ሰዎችን እንደሚፈልግ፣ አንዱ የሌላውን እንጀራ በእጁ ይዞ እርቅ ብሎ ነገር እንደሌለ ጻፈች። ቀጥላም ባለቤቷ ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለባት ነገረቻት። ለቀው የሄዱትን ሦስቱን ልጆች እንድትደውልላቸው። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ። ስለ ፎርማኑ ፀባይ እንዳትጠይቃቸው፤ ሥራ እንዴት ይከፋፈል እንደነበር፣ ትርፍ ሰዓት ለማን እንዴት ይነገር እንደነበር፣ ስህተት ሲገኝ ምን ይደረግ እንደነበር ብቻ እንድትጠይቅ። ሰው ስለ ሰው ሲጠየቅ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ስለ ሥራ ሲጠየቅ ግን እንደ ልቡ ይናገራል። የለቀቀ ሠራተኛ ደግሞ የሚያጣው ነገር የለም። መልሱን ከነቀኑ እንድትጽፈውም አሳሰበቻት።

ቁጥር 6 ጠበቃ ነው። እሱ ነገሩን ወደ ሕግ አመጣው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በአንቀጽ 32 መሠረት አሠሪው ሰብአዊ ክብሩንና ሞራሉን የሚነካ ድርጊት የፈጸመበት ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ይህ መብት ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ ጀምሮ 15 የሥራ ቀናት ብቻ። ጠበቃው በተለይ ያሰመረበት ሌላ ነጥብ አለ። አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን በስማቸው ጠርቶ ተርጉሟቸዋል። አለቃ ሠራተኛን ቀስ በቀስ ማሸማቀቁን፣ ማግለሉን፣ ሥራ መከልከሉን ግን በስም አይጠራውም። ስለዚህ ክፍተቱን መሙላት ያለበት የድርጅቱ የውስጥ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ነው። በደንቡ ላይ ያልተጻፈን ጥፋት ይዞ ማባረር ደግሞ አደገኛ ነው። ፎርማኑ ከስሶ ከረታ፣ ወደ ሥራው ተመልሶ ውዝፍ ደመወዙንም ሊቀበል ይችላል። ከዚህ ምላሽ በኋላ የቁጥር 1 ጸሐፊ ሳይመለስ ጠፋ።

ቁጥር 7 ጠበቃውን ሊያርመው ሞከረ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን እንደማይመለከት አስታውሶ፣ ፎርማን የሥራ መሪ ስለሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም አለ። ጠበቃው ቁጥር 8 ላይ በትሕትና መለሰ። የሚታየው የሹመቱ ስም ሳይሆን በእጁ ያለው ሥልጣን ነው። ይህ ፎርማን በራሱ ውሳኔ መቅጠር፣ ማሰናበትና መቅጣት አይችልም። ስለዚህ እንደማንኛውም ሠራተኛ ነው የሚታየው። ቁጥር 7 አመስግኖ ተቀበለ። እንዲህ ያለ መተራረም በመድረካችን ቢበዛ እንዴት ደስ ባለኝ።

ቁጥር 9 ያነበብኩትን ሁሉ ያስረሳኝ ነው። ጸሐፊዋ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነበረች። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አንድ ቀን ለሚያውቀው ሰው ያለ ሙሉ ሰነድ ክፍያ እንድትፈጽም ጠየቃት፤ እምቢ አለች። በማግስቱ ከመስኮቷ ተነሳች። ጥግ ላይ ጠረጴዛና ወንበር ተሰጣት። ኮምፒውተር የለም፣ ወረቀት የለም፣ ሥራ የለም። ደመወዟ አንድም ቀን አልዘገየም። ጠዋት ገብታ ትፈርማለች፣ ትቀመጣለች፣ ማታ ትወጣለች። መጀመሪያ ባልደረቦቿ እየመጡ ያጫውቷት ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ ቀሩ። ምሳ ሰዓት ላይ እሷ ስትገባ ወሬው ቆም ይል ጀመር። ደንበኞች ሳይቀሩ ምን አጥፍታ ነው እያሉ ይጠይቁ ነበር። በመጨረሻ ለዋናው መሥሪያ ቤት አመለከተች። መልሱ ዝውውር ሆነ። የተዛወረችው እሷ ናት። ሁለት ታክሲ ተሳፍራ ወደምትደርስበት ቅርንጫፍ። ሥራ አስኪያጁ በዚያው ዓመት ዕድገት አገኘ።

አቤቱታ ያቀረበውን ሰው ማዛወር በየመሥሪያ ቤታችን እንደ መፍትሔ ይቆጠራል። አሠሪው ለሠራተኛዋ ያዘነላት ይመስለዋል። የቀሩት ሠራተኞች ግን የሚያዩት ሌላ ነው፤ የተናገረ ቦታውን ያጣል፣ ያሳደደ ወንበሩን ይዞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ የፈለገውን ያህል መመሪያ ቢለጠፍ የሚያምን የለም። እኔ ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ወደየመሥሪያ ቤቱ ግባ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው፦ አመልካቿ ራሷ ካልጠየቀች በቀር ከቦታዋ አትነሳ።

ቁጥር 10 የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በሱ መሥሪያ ቤት የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዳለ፣ አባላቱ ግን የውጤት ምዘናቸውን የሚሞላላቸው ያው የሚከሰሰው ኃላፊ እንደሆነ ጻፈ። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ የሚለውን ተረት እዚህ ላይ ጠቀሰ። ቁጥር 11 እና 12 ከዚህ ተነስተው ስለ ቢፒአርና ቢኤስሲ (የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የአሠራር ለውጥና የውጤት ምዘና ሥርዓቶች) ዘመን ማውራት ጀመሩ። ማን ስንት ነጥብ እንዳገኘ፣ ማን ሳይሠራ እንደተሞላለት። አልፈዋለሁ። የአሥር ግን ቁም ነገር ነው። ቅሬታ የሚቀበለው ሰው ቅሬታው በቀረበበት አለቃ ሥር መሆን የለበትም።

ቁጥር 13 ከስቶክሆልም ነው የተጻፈው። ወንድማችን የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይሠራል። ስዊድን በሥራ ቦታ ሰውን ማሳደድን የሚመለከት ደንብ ያወጣችው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዓለም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ከጀርባው እዚያው ይሠራ የነበረው ሃይንዝ ሌይማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጥናት አለ። ሌይማን ማሳደድን ከተራ ግጭት የሚለየው በድግግሞሹና በቆይታው ነበር፤ ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር። ጸሐፊው እንዳስረዳው በእነሱ ዘንድ ከሠራተኞች መካከል የተመረጠ የደህንነት ተጠሪ አለ። ተጠሪው ስለ ተበላሸ ማሽን እንደሚናገረው ሁሉ ስለ ተበላሸ የሥራ መንፈስም አሠሪውን ይጠይቃል። ይሁንና ሕጉ ሁሉን እንዳልፈታ አልደበቀም። እዚያም የሥራ መርሐ ግብር የሚያወጣው ሰው የማይወደውን ሠራተኛ በዓል በዓሉን ሌሊት ይመድበዋል።

ቁጥር 14 እዚህ ላይ ተቆጣ። ሥራ ሞልቶ በተረፈበት አገር ቁጭ ብሎ ለአዲስ አበባ መምከር ቀላል እንደሆነ፣ እዚህ የሚለቅ ልጅ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ የቤት ኪራይ እንደሚያባርረው ጻፈ። ንግግሩ ሸካራ ቢሆንም እውነት አለበት። ግን ከዚያ ያወጣው መደምደሚያ ልክ አይደለም። ሰው ሥራ መቀየር የማይችል ከሆነ የአሠሪው ኃላፊነት ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ቁጥር 15 ለሁለቱም መለሰች። መጀመሪያ ሌይማንን በተመለከተ አንድ ነገር አረመች። ስድስት ወር መጠበቅ ለተመራማሪ መለኪያ ነው፤ አሠሪ ግን ያን ያህል አይጠብቅም። የዓለም ሥራ ድርጅት በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 ድርጊቱ አንዴም ይፈጸም ተደጋግሞ፣ ጉዳት የሚያስከትል እስከሆነ ድረስ ይቆጥረዋል። ሠልጣኞችን፣ ሥራ ፈላጊዎችንና ውላቸው የተቋረጠ ሰዎችንም ጭምር ይጠብቃል። ቀጥላም ሀብታም አገር ሁሉ ሰላም ነው ለሚሉት ፈረንሳይን አነሳች። ፍራንስ ቴሌኮም 22 ሺህ ሠራተኞች እንዲለቁ ዕቅድ ያዘ። ብዙዎቹን በቀላሉ ማባረር ስለማይችል ኑሯቸውን ማክበድ ተመረጠ፤ ማዛወር፣ ሥራ መቀያየር፣ ማሸማቀቅ። በርካታ ሠራተኞች ራሳቸውን አጠፉ። በዲሴምበር 2019 የፓሪስ ፍርድ ቤት የቀድሞውን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዲዲዬ ሎምባርን ከሌሎች ኃላፊዎች ጋር ጥፋተኛ አለ። ጉዳዩ እስከ ሰበር ደርሶ በ2025 ጸንቷል። እዚያ ጥፋተኛ የተባለው አንድ ክፉ ፎርማን አልነበረም። ከላይ የወረደው አሠራር ነው የተቀጣው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ወደ ማተሚያ ቤቱ ባለቤት ዞረ። ፎርማኑ ራሱ በምንድን ነው የሚለካው?

ቁጥር 16 ላይ የጻፉት በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ራሳቸው በማተሚያ ቤት ፎርማንነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ከሐምሌ እስከ መስከረም የጥረዛ ክፍል ምን እንደሚመስል ገለጹ። ፎርማን በየቀኑ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ደብተር ወጣ? ስንት ሰው ለቀቀ ብሎ የጠየቃቸው ባለቤት አላጋጠማቸውም። ጎበዝ ጥራዥ የነበረ ሰው በአንድ ደብዳቤ ፎርማን ይሆናል። ሰው ማስተዳደርን ግን ማንም አያስተምረውም። ስለዚህ ሙያው ለሚያኮራ ሰው የደመወዝ ዕድገት የሚገኝበት ሌላ መንገድ እንዲኖር ሐሳብ አቀረቡ። ዋና ባለሙያ ተብሎ፣ ማሽኑን ይዞ፣ ሰው ሳይዝ። ለፎርማንነት ደግሞ ልጆችን ማስተማር የሚችል ይመረጥ። እኔ በዚህ ክር ውስጥ ለአሠሪ ከተሰጡ ምክሮች ሁሉ ርካሹና ፍሬ ያለው ይህ ይመስለኛል።

ቁጥር 17 ግን አባትየው ላይ ክፉኛ ወረደ። ለአሳዳጅ ጠበቃ እንደቆሙ አድርጎ፣ ዕድሜያቸውንም እያነሳ ጻፈ። ቁጥር 18 በዚያው ቋንቋ መለሰለት። የመድረኩ አስተባባሪ ጣልቃ ገብቶ ከፊሉን አጠፋው፤ ደግ አደረገ። ስለ ማሸማቀቅ እየተወያዩ ሽማግሌ ማሸማቀቅ ነውር ነው። የቁጥር 17 ስጋት ግን መሠረት አለው። የፎርማኑን ጫና መረዳት አንድ ነገር ነው፣ በዚያ ሰበብ ልጅቷን እዚያው ጥርሱ ሥር መተው ሌላ ነው። አባትየውም ይህን አላሉም።

ቁጥር 19 ከሪያድ መጣ። ጸሐፊዋ የቤት ሠራተኛ ናት። አሠሪዋ ቤተሰብ ነው፣ የሥራ ቦታዋ መኖሪያዋም ነው። ቅሬታ ተቀባይ የለም፣ የሰው ሀብት ክፍል የለም፣ ማዶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ባልደረባ የለም። ከመሄዷ በፊት አዲስ አበባ ውስጥም ሰው ቤት ሠርታለች፤ የቀጠሯት ቢሮአቸው ውስጥ ስለ ሠራተኛ መብት ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች ነበሩ። እሷ ግን ከእነሱ ጋር ተቀምጣ በልታ አታውቅም፤ በስሟም አይጠሯትም ነበር። አንድ ሰው ይህ ከርዕሱ ውጭ ነው ብሎ ሊያስቆማት ሞከረ። እኔ ግን ከርዕሱ እምብርት ላይ ነው እላለሁ። አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። ይህን ክር ከምናነብ ሰዎች መካከል ድርጅት ያለን ጥቂት ነን፤ ቤታችን ሠራተኛ ያለን ግን ብዙ ነን። አሠሪ ሲባል የሚመለከተው እኛንም ነው።

ቁጥር 20 ላይ የቁጥር 5 ጸሐፊ ተመለሰች። በእሷ ፋብሪካ የትኛው አሠራር ውጤት እንዳመጣ በዝርዝር ጻፈች። ደንቡ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ ሠራተኛው በሚናገረው ቋንቋ። እያንዳንዱ ድርጊት በስሙ ተጽፏል፦ ሰው ፊት ማዋረድ፣ ሥራ መከልከል፣ ሆን ብሎ መረጃ መደበቅ፣ ሰላምታ እየነሱ ማግለል፣ የቅጽል ስም ማውጣት። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ይነበብለታል። ቅሬታ የሚቀበሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ሴት፣ አንዱ ሠራተኞቹ ራሳቸው የመረጡት። ሁለቱም በማንኛውም ፎርማን ሥር አይደሉም። ቃል የሚሰጠው ሰው ደብዳቤ እንዲጽፍ አይገደድም፤ መጻፍ የሚያስቸግረው ሰው ሲናገር ተቀባዩ ይጽፋል፣ ያነብለታል፣ ያስፈርመዋል። መልስ የሚሰጥበት ቀን አስቀድሞ ይነገረዋል። ቀኑ ሲደርስ ምርመራው ባያልቅ እንኳ ይጠራል። በመጀመሪያው ዓመት ማንም እንዳልመጣም ጻፈች። ሰዎች የመጡት አንድ የሚፈራ የመጋዘን ኃላፊ በእርግጥ ተጠይቆ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት፣ የከሰሰው ልጅ በቦታው ሲቆይ ካዩ በኋላ ነው።

ከዚህ ምላሽ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ምርመራው ካለቀ በኋላም ክትትል አለ። ከአንድ ወር በኋላ አመልካቹ ይጠየቃል፤ ትርፍ ሰዓት ቀንሶበት እንደሆነ፣ ፈረቃው ተቀይሮ እንደሆነ፣ ፈቃድ ሲጠይቅ ተከልክሎ እንደሆነ። በቀል በጩኸት አይመጣም። ደሞዝ ወረቀት ላይ ነው የሚታየው።

ቁጥር 21 በሐሰት ስለሚከሱ ሠራተኞች አነሳ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አለቃውን ለመጣል አብረው የሚያሴሩ ሰዎች እንዳሉ በራሱ ላይ የደረሰውን ጠቅሶ ጻፈ። ጠበቃው ቁጥር 22 ላይ ሲመልስ ያልተረጋገጠ ቅሬታና የፈጠራ ቅሬታ እንዲለዩ ጠየቀ። ማስረጃ ስላልተገኘ ብቻ አመልካቹን መቅጣት በሩን ለሁሉም ይዘጋል። የሚያስቀጣው ውሸት መሆኑን እያወቁ መክሰስ ነው። ተከሳሹም ቢሆን የቀረበበትን ከነቀኑ አውቆ ምላሽ የመስጠት መብት አለው። የደቡብ ኮሪያን ሕግም በምሳሌነት አመጣ። ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሠሪው ቅሬታ እንደሰማ ሳይዘገይ የመመርመር ግዴታ አለበት። በምርመራው ጊዜ ተጎጂውን ለመጠበቅ የሚወሰድ እርምጃም ከተጎጂው ፈቃድ ውጭ መሆን የለበትም። ቅሬታ ያቀረበን ሰው የተበቀለ አሠሪ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። የባንኳ ሠራተኛ ይህን አንብባ አንድ መስመር አስገባች፤ እዚያ ቢሆን ኖሮ እሷ ባልተዛወረች።

ቁጥር 23 ስለ ቴሌግራም ግሩፕ ነው። አለቃው ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ የአንዱን ሠራተኛ ስህተት ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። ሌሎቹ የሳቅ ምልክት ይልካሉ፤ ያልሳቀ ነገ ተራው እንዳይሆን ይፈራል። ጸሐፊው ግሩፑ የሥራ ቦታ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ጠየቀ። ሥራ የሚታዘዝበት ከሆነ የሥራ ቦታ ነው። ስምምነት 190ም ከሥራ ጋር የተያያዘ የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነትን ያካትታል። ይህ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፤ ሰፋ ያለ ልምድ ያለው ሰው ቢከፍተው ጥሩ ነው።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ባለቤቷ ቁጥር 24 ላይ ተመለሰች። ለሦስቱም ደውላለች፤ ሁለቱ አነሱ። እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ሁለቱም ስለ እሽጉ ነገሯት፤ ተፈቶ፣ ሰው እያየ እንደገና ስለሚቆጠረው እሽግ። ልጅቷን ለብቻዋ ሰምታታለች፤ ከቦታዋ እንደማትነሳም አረጋግጣላታለች። ከዚያ ፎርማኑን ጠርታ የተባለውን ከነቀኑ ነገረችው። መጀመሪያ ካደ፣ ከዚያ ለጥራት ብሎ እንዳደረገው ተናገረ። የጥራት ቆጠራ ከሆነ ከሁሉም ሰው እሽግ በዕጣ እንዲወሰድ ወሰነች። የዕለቱ የሥራ ክፍፍልና የትርፍ ሰዓት ተራ ከእሱ እጅ ወጥቶ ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ አደረገች። ማሽኑ በእሱ ኃላፊነት ሥር ይቆያል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ተሰጥቶታል። ፎርማኑ ለሁለት ቀን ከማንም ጋር ሳይነጋገር ሠራ። ልጅቷ እስካሁን አለች።

ጠበቃው ማስጠንቀቂያው ላይ ድርጊቶቹ ከነቀናቸው መጻፋቸውን ጠየቃት። በጥቅሉ ያልተገባ ፀባይ የሚል ደብዳቤ ፍርድ ቤት ቢደርስ ውኃ እንደማያነሳ፣ ነገሩ ተደግሞ ለማሰናበት የሚያበቃ ምክንያት ቢገኝም አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ መብቱ እንደሚያልፍ አስታወሳት። እሷም ደብዳቤውን አሻሽላ እንደምትጽፍ፣ የአንድ ገጹን ደንብ ረቂቅም ለሠራተኞቹ ከማንበቧ በፊት እዚህ እንደምትለጥፈው ቃል ገብታለች። ክሩ ክፍት ነው፤ ረቂቁ ሲመጣ አስተያየት ያላችሁ ግቡ።